የአክስቴ ስልክ ሀክ ተደርጓል መሰለኝ፤ ፎርማት ላድርገው?

የመጀመሪያው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ከአክስቴ የመጣ የቴሌግራም መልእክት አገኘሁ። አስቸኳይ ነገር እንደገጠማቸውና 15,000 ብር እንድልክላቸው ይጠይቃል። ማክሰኞ እንደሚመልሱም ይናገራል። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። የሒሳቡ ባለቤት ግን የማላውቀው ሰው ነው። አክስቴ ደግሞ ገንዘብ ጠይቀውኝ አያውቁም። ስቸገር እሳቸው ጋ የምሄደው እኔ ነኝ።

ወዲያው ደወልኩላቸው። ቡና እያፈሉ ነበር። ስለምን እንደማወራ ጭራሽ አልገባቸውም። ቴሌግራማቸውን ከፍተው ሲያዩ ምንም የተላከ ነገር የለም። እኔ ስልክ ላይ ግን መልእክቱ ቁጭ ብሏል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከማኅበር ጓደኞቻቸውም ከዘመድም ስልክ ሲጎርፍ ዋለ። የአጎቴ ልጅ ሳትደውል 8,000 ብር ልካለች። አክስቴ ያለቀሱት ይህን ሲሰሙ ነው።

ስልካቸው ከሰሞኑ እንደሚግል ነግረውኛል። የኢንተርኔት ፓኬጃቸውም ቶሎ ያልቃል። እና ስልኩ ተጠልፏል ማለት ነው? ፎርማት ላድርገው? ሲም ካርዱንስ ላስቀይር? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

(ከዚህ በታች ያሉት የተሰጡኝ ምላሾች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ።)

ምላሽ 1

መጀመሪያ የደረሰችልኝ አንዲት እህት ናት። አይዟችሁ ካለች በኋላ ሦስት ነገር ጠየቀች። ከቴሌብርም ሆነ ከባንክ የጎደለ ገንዘብ አለ ወይ? አክስቴ ሰሞኑን ለማንም ሰው በቁጥር የመጣ ኮድ ሰጥተዋል ወይ? ቴሌግራሙ እሳቸው ስልክ ላይ አሁንም ይከፈታል ወይ?

የእሷ ግምት ስልኩ ራሱ አልተነካም የሚል ነበር። የተወሰደው የቴሌግራም አካውንቱ ብቻ ነው። ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ ሳይሆን የቁልፉን ቅጂ አስቀርጾ የያዘ ሰው እንዳለ ቁጠረው አለችኝ። ቴሌግራሙ አሁንም የሚከፈት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ገብቼ አካውንቱ የት የት እንደተከፈተ እንዳይ ነገረችኝ። አዲስ የገባ ሰው ነባሩን ስልክ ወዲያው ማስወጣት እንደማይችልም ጨመረች። ቴሌግራም ለተወሰኑ ሰዓታት ይከለክለዋል። ስለዚህ ሰዓቷ ሳታልፍ እንድፈጥን መከረች።

ምላሽ 2

አንድ ወንድም በሁለት መስመር ጨረሰው። ፎርማት አድርገው፣ ሲሙንም ጣለው የሚል ነው። ወንድሙ ያንኑ አድርጎ እንደተገላገለ ምስክርነት ሰጠ።

ምላሽ 3

ይሄኛው መላሽ ሁለተኛውን ቆጣ ብሎ ነው ያረመው። ለእኔ ግን ከውይይቱ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሌባው ያለው አክስቴ ስልክ ውስጥ አይደለም። የራሱን ስልክ ይዞ፣ የራሱ ቤት ተቀምጦ፣ በአክስቴ ቁጥር ገብቷል። የእሳቸው ስልክ ቢፎርማት እሱ ጋ የተከፈተው እንደተከፈተ ይቆያል። ከዚህ የባሰም አለ። ስልኩ ሲፎርማት አክስቴ ራሳቸው ከቴሌግራም ይወጣሉ። ተመልሰው ለመግባት ኮድ ያስፈልጋቸዋል። ቴሌግራም ደግሞ አካውንቱ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ ካየ ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው ወደዚያው ወደተከፈተው ቴሌግራም ነው። ማለትም ወደ ሌባው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ተጠይቆ ነው። ሌባው በዚህ መሃል ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካስገባበት ደግሞ ነገሩ ለቀናት ይጎተታል። ስለዚህ ገና ያልወጣው የአክስቴ ስልክ በእጃችን ያለው ዋናው መሣሪያ ነው። እሱን ፎርማት ማድረግ ማለት በገዛ እጅ መሣሪያን መጣል ነው።

ሲሙንም መጣል ስህተት መሆኑን አስረዳ። ቁጥሩ የአካውንቱ ሥር ነው። ቁጥሩ ከእጅ ከወጣ አካውንቱን ማስመለስ በጣም ይከብዳል።

መልእክቶቹ አክስቴ ጋ ለምን እንደማይታዩም የነገረኝ እሱ ነው። ሌባው ከላከ በኋላ ለራሱ ወገን ብቻ ያጠፋቸዋል። አካውንቱ አንድ ስለሆነ ከአክስቴም ስልክ አብረው ይጠፋሉ። ተቀባዩ ጋ ግን ይቀራሉ።

ምላሽ 4

ይሄ የእኔ ነው። ታክሲ ይዤ አክስቴ ቤት ሄጄ ያየሁትን ጻፍኩ።

መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ዲቫይስ የሚለውን ስከፍተው ከላይ የእሳቸው ስልክ አለ። ከሥሩ ሌላ አለ፤ አክስቴ በሕይወታቸው ነክተውት የማያውቁት ዓይነት ስልክ፣ ቅዳሜ ማታ የገባ። ከራሳቸው ስልክ በቀር ሁሉንም የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ተጫንኩት። ያ ስልክ ከዝርዝሩ ጠፋ። ወዲያው ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገባሁ፤ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ማለቴ ነው። ቃሉን የመረጡት አክስቴ ናቸው። ማስመለሻ ኢሜይሉን ደግሞ የልጃቸውን አደረግን።

ከዚያ ቴሌግራም ራሱ መልእክት የሚልክበትን ሳጥን ፈለግሁ። ከብዙ መልእክት ሥር ተቀብሮ ነበር። ቅዳሜ ማታ የመጣው ባለ አምስት አሃዝ ኮድ እዚያው አለ። ከአጠገቡ ይህን ኮድ ለማንም እንዳይሰጡ፣ ከቴሌግራም ነኝ ለሚል ሰው እንኳ እንዳይሰጡ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጽሑፉን ተርጉሜ ሳነብላቸው ዝም ብለው ስልኩን አዩት። ለካስ ማስጠንቀቂያው መጥቶልኝ ነበር አሉና እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነም ያኔ ነገሩኝ። ሊንኩ የመጣው ከአንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ነው። ልጇ ውድድር ላይ ስለሆነች ድምፅ ስጡልኝ ይላል። ሲከፍቱት ስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ አስገቡ። ኮድ ጠየቀ፤ አስገቡ። ድምፅ የሰጡ መስሏቸዋል። የጓደኛቸውም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ነበር።

ምላሽ 5

አንድ ልጅ *#21# ደውዬ እንዳረጋግጥ ጻፈ። ስልኩ ከተጠለፈ እዚያ ላይ እንደሚታይ በእርግጠኝነት ተናገረ። ቲክቶክ ላይ አይቶት ለብዙ ሰው እንዳሳየም ጨመረ።

ምላሽ 6 እና 7

እዚህ ላይ ውይይቱ ሞቀ። በስድስተኛው ላይ የጻፈው ሰው ይህ የተሳሳተ ነገር እየተዛመተ ሰው በማያስፈልግ ነገር እንደሚጨነቅ ገለጸ። *#21# የሚያሳየው ወደ እኛ የሚደወል ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር መዞር አለመዞሩን ብቻ ነው። ስለ ስለላ የሚናገረው ነገር የለም። *#62# ብለን ቁጥር ብናይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልካችን ሲዘጋ ጥሪ የሚቀበል የቴሌኮሙ የራሱ አገልግሎት ነው። አለማወቅን በእርግጠኝነት ማውራት ጉዳት አለው ብሎ ልጁን ገሠጸው።

ልጁ በሰባተኛው ላይ ተናዶ መለሰ። ለመርዳት የጻፈን ሰው ማዋረድ ተገቢ አይደለም አለ። እውነቱን ነው፤ የስድስተኛው አነጋገር ከረር ያለ ነበር።

ስድስተኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀና ኮዱ መቼ እንደሚጠቅም አስረዳ። አጭበርባሪዎች ከቴሌ ነን ወይም ዕቃ አድራሾች ነን ብለው ይደውላሉ። በኮከብና በ21 የሚጀምር፣ መሃሉ ላይ የስልክ ቁጥር ያለበት ነገር እንድንደውል ያደርጉናል። በዚያች ቅጽበት ጥሪያችን ሁሉ ወደ እነሱ ይዞራል። ከዚያ ዋትሳፕን በእኛ ቁጥር ከፍተው ኮዱ በድምፅ ጥሪ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ጥሪው እነሱ ጋ ይገባል። ይህ የደረሰበት ሰው ##002# ቢደውል ያዞሩበትን ሁሉ ይሰርዝለታል። እኔ ወዲያው በአክስቴ ስልክ *#21# ብዬ ሞከርኩት። የተዞረ ጥሪ አልነበረም።

ምላሽ 8

ከሪያድ አንዲት እህት ጻፈች። የእሷ ታሪክ ሌላ ዓይነት ነው። ከአገር ስትወጣ ዋትሳፕና ኢሞ የከፈተችው በኢትዮጵያ ቁጥሯ ነበር። ሲሙ እናቷ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ካርድ የሚሞላበት ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩ ተዘጋ። ጊዜው ሲደርስ ለሌላ ሰው ተሸጠ። አንድ ቀን ዋትሳፑ ራሱ ዘጋባት። ቁጥሩን የገዛው ሰው ሌባ አልነበረም። አዲስ ሲም ገዝቶ ዋትሳፕ የከፈተ ሰው ነው። እሷ ግን ሀክ ተደረግሁ ብላ ሁለት ሌሊት አልተኛችም።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች በእጃችሁ ባለው ሲም ቁጥር ቀይሩ ብላ ለመነች። ዋትሳፕ ቁጥር መቀየሪያ አለው፤ የተጻጻፋችሁት አይጠፋም። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስንቱ ዘመድ የተዘጋ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ሳስብ ደነገጥኩ።

ምላሽ 9

አንድ አባት ስለ ልጃቸው ጻፉ። ስልክ ሲገዙላት ጂሜይሉን የከፈተላት ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉንም እሱ አወጣው። ዓመት ሙሉ ያነሳችው ፎቶ ሁሉ በዚያ ጂሜይል ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ፎቶዋን ከማታውቀው ሰው ተላከላት። ስልኳን ስታስፈትሽ ምንም ቫይረስ የለም። የጎግል አካውንቷን ስታይ ግን ሌላ ስልክም ላይ ተከፍቷል። የጽሑፋቸው መጨረሻ የሞባይል ሠሪን ሁሉ የሚወቅስ ነበር።

ምላሽ 10

የሞባይል ጥገና የሚሠራ ወንድም መልስ ሰጠ። ወቀሳው እንደከበደው አልደበቀም። ደንበኛው ራሱ ክፈትልኝ ብሎ እንደሚለምነውና እሱ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚከትለት አስረዳ። ወረቀቱን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። አባትየው ላይ የደረሰው ግን ወንጀል መሆኑን አልካደም።

ቀጥሎ የሰጠው ምክር የሥራ ሰው ምክር ነው። ስክሪን ለማስቀየር የመክፈቻ ኮድ መስጠት ግዴታ አይደለም። ተሠርቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ይሞክረው። ሱቅ የተከፈተ ጂሜይል ያለው ሰው ዛሬውኑ ጎግል አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የይለፍ ቃሉን ይቀይር። ማስመለሻ ስልክ ቁጥሩና ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ይይ። ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ማስመለሻውን ይረሳዋል። ማስመለሻው የሌላ ሰው ከሆነ አካውንቱም የሌላ ሰው ነው።

ስለ ስልኩ መጋልም እሱ ነው የመለሰልኝ። ብዙ ጊዜ ያረጀ ባትሪ ነው። ጀርባው ካበጠ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ፓኬጅ ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ ቴሌግራም የግሩፕ ቪዲዮ ሁሉ ሳይጠየቅ ስለሚያወርድ ነው። የትኛው አፕ ምን ያህል ዳታ እንደበላ ስልኩ ራሱ ይናገራል። አየሁት። ከአክስቴ ዳታ አብዛኛውን የበላው ቴሌግራም ነው። አሥራ አራት ግሩፕ ውስጥ አሉ፤ ሁሉም የስብከትና የዝማሬ ቪዲዮ ይልካሉ። አውቶ ዳውንሎድን አጠፋሁት።

ምላሽ 11 እስከ 13

እዚህ ወሬው ወደ ፓኬጅ ዋጋ ሄደ። ከዚያ የትኛው ቻርጀር ባትሪ ይገድላል ወደሚለው። ሁለት ሰዎች ስለ ፈጣን ቻርጀር ረጅም ክርክር ገጠሙ። እዚህ አልዘረዝረውም።

ምላሽ 14

ከሜሪላንድ አንድ ትልቅ ሰው ጻፉ። ሁሉም ነገር ኮድ መስጠትና ባትሪ ብቻ አለመሆኑን ሊያሳስቡን ፈልገው ነው። ዲጂታል ስለላን የሚመረምረው የካናዳው ሲቲዝን ላብ ያወጣቸውን ሪፖርቶች ጠቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት ሰባት ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ይላክ እንደነበር ተገለጠ። በ2014 በውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ሀኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ ዒላማ መደረጋቸው ተገለጠ። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ በውጭ ባሉ ተቃዋሚዎች ላይ ውሏል። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ተሰልሎ የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል ብሎ፣ ስሙን ደብቆ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሶ ነበር። በ2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋው።

ጋዜጠኛ ወይም ፖለቲከኛ የሆነ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው በዚህ ልክ ነው አሉ። ስልኩን በየጊዜው ያዘምን፤ አይፎን ካለው ለስለላ በር የሚሆኑ አገልግሎቶችን የሚገድበውን ሎክዳውን ሞድ የሚባለውን ያብራ፤ ጥርጣሬ ሲኖረውም ፎርማት ከማድረጉ በፊት ባለሙያ ያሳይ። ፎርማት ማስረጃን ያጠፋልና።

ምላሽ 15

አንዷ ይህን ማንሳት አክስቴን ለመሰለ ሰው ፍርሃት ብቻ ይጨምራል ብላ ተቃወመች። አክስቴን የሚሰልል መንግሥት የለም፤ ድምፅ ስጡልኝ የሚል ሌባ ግን አለ። ይህ ልክ ነው። የሜሪላንዱም ሰው የጻፉት ግን ለሚመለከተው ነው። ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ምላሽ 16

ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ስልኳን የሚከታተለው ባሏ እንደነበር ጻፈች። ማንም ከሩቅ አልገባም። ተኝታ ሳለ በጣቷ አሻራ ከፍቶ አፕ ጫነበት። የት እንደዋለች ሳትነግረው ያውቅ ነበር። ከእህቷ ጋር ያወራችውን ይደግምላት ነበር።

ምክሯን እንዳለ ላስቀምጥ። እንዲህ የሚጠረጥር ሰው አፑን ቸኩሎ አያጥፋ። የጫነው ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ቁጣው ደግሞ ሊብስ ይችላል። እርዳታ የሚጠይቀው በሌላ ሰው ስልክ ይሁን። ደህና ማረፊያ ካገኘ በኋላ ነው ስልኩ የሚጸዳው። አንድሮይድ ላይ አክሰሲቢሊቲና ዲቫይስ አድሚን በሚሉት ውስጥ የማናውቀው አፕ ካለ ያ ነው የሚፈለገው። ጎጂ አፕ የሚፈትሸው ፕሌይ ፕሮቴክት ጠፍቶ ከተገኘም ማን እንዳጠፋው መጠየቅ አለበት። አይፎን ላይ ሴፍቲ ቼክ የሚባል አለ፤ ማን ምን እንደሚያይ ያሳያል። ፎርማት ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ እንደሆነም ጻፈች። ሲፎርማት ግን የድሮውን ባክአፕ ከነአፑ መልሶ አለመጫን፣ የስክሪኑንም መክፈቻ መቀየር ያስፈልጋል።

ከሥሯ ብዙ ሰው አይዞሽ አላት።

ምላሽ 17 እና 18

አንዱ መጥቶ ጥፋቱ የአክስቴ መሆኑን ጻፈ። ማንበብ የማይችል ሰው ስማርት ስልክ ምን ያደርግለታል የሚል ነው። ደሜ ፈላ። አክስቴ በአማርኛ ያነባሉ፤ ዳዊት ይደግማሉ። ያላነበቡት ለእሳቸው ባልተጻፈ ቋንቋ የመጣውን ነው።

እኔ ሳልመልስ ሌላ ሰው ቀደመኝ። እሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ በዚያው ዓይነት ሊንክ ቴሌግራሙን እንደተነጠቀ ተናገረ። ሊንኩ የመጣው ከሚያምነው ሰው ነበር፤ እሱም መኪና ውስጥ ሆኖ በችኮላ ነው የከፈተው። ሰው እንዲህ እየተሰደበ ስለሆነ ነው የሚደብቀው፤ ሲደበቅ ደግሞ ሌባው ወደሚቀጥለው ይሄዳል አለ። በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። የአክስቴ ጓደኛ አርብ ዕለት አካውንቷ እንደተወሰደ አውቃ ነበር። አፍራ ዝም አለች። አርብ ብትናገር ቅዳሜ አክስቴ አይከፍቱትም ነበር።

ምላሽ 19

ባንክ የሚሠራ ወንድም ስለ 8,000 ብሩ መለሰ። ገንዘብ የላከ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለገዛ ባንኩ መደወል ነው። በቴሌብር ከሆነ ደግሞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት። የዝውውሩን ቁጥርና ሰዓት ይዞ፣ የመልእክቱንም ስክሪንሾት አንስቶ። ብሩ ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ለማሳገድ ዕድል አለ፤ ከወጣ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ቀናት ሳይሆን ደቂቃዎች ናቸው የሚቆጠሩት። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ይቀጣል። መልእክቱን ተናዶ የሚያጠፋ ሰው ማስረጃውን እያጠፋ መሆኑንም አሳሰበ።

የአጎቴ ልጅ የደወለችው ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። ብሩ ወጥቷል። ፖሊስ ጋ አመልክታለች፤ እየጠበቅን ነው።

ምላሽ 20

የመጨረሻው የእኔ ነው። አክስቴ ለጥንቃቄ የባንክና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውን ቀየሩ። ስልኩን ፎርማት አላደረግነውም። ባትሪው ጀርባው አብጦ ስለነበር ተቀየረ።

ማታ ላይ ወደ ማኅበሩ ግሩፕ የድምፅ መልእክት ልላክ አሉ። ጽሑፍ እንዳልጽፍላቸው ከለከሉኝ፤ ጽሑፍ ሌባውም ይጽፋል፣ ድምፄን ግን ያውቁታል አሉ። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ስማቸውን ከነክርስትና ስማቸው ተናግረው፣ የሆነውን ሁሉ ከሊንኩ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገሩ። ብር ለሚጠይቃችሁ ሰው መጀመሪያ ደውሉለት፣ ካላነሳ አትላኩ ብለው ጨረሱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው መልስ መጣ። ሊንኩን የላከችው ጓደኛቸው ናት፤ በድምፅ፣ እያለቀሰች። ከእሷ በኋላ ሁለት ሰዎች እነሱም ኮዱን አስገብተው እንደነበር ተናገሩ። ከአንዷ ጋር አሁን ስልክ ላይ ነኝ። ዲቫይስ የሚለውን ገና አላገኘችውም።